ምዕራፍ 7፦ የሦስት ሴንቲሜትር ዋጋ

በምዕራብ ጀርመን፣ ዛወርላንድ በሚባለው ኮረብታማና ደን የለበሰ አገር፣ ፊነንትሮፕ እና ሌነሽታት የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ከተሞች ጎረቤታሞች ናቸው። መኪናውን ከፋብሪካ ከወጣበት ቁመት ዝቅ ማድረግ ያማረው ሰው፣ አውሮፓም ይኑር አሜሪካ፣ የሚያዘው ሞላ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ከተሞች ድርጅቶች የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው አይባክ መቀመጫው ፊነንትሮፕ፣ የተፎካካሪው የኤችኤንድአር ደግሞ ሌነሽታት ነው። የእንዲህ ያለ ሞላ ገዢ በአብዛኛው የትንሽና ፈጣን መኪና ባለቤት ይመስለናል። ዛሬ ግን ሁለት ቶን የሚያልፍ፣ ለመሳፈር እግር ከፍ የሚደረግለት የቅንጦት ኤስዩቪም በዝርዝራቸው ውስጥ አለ፤ ቢኤምደብሊው ኤክስ5፣ ፖርሽ ካየን፣ ኦዲ ኪው7።

ነገሩ ግራ ያጋባል። ሰውየው ከፍ ያለ መኪና ለመግዛት ብዙ ከፍሎ፣ ጥቂት ሰንብቶ ደግሞ ዝቅ ለማድረግ ሌላ ገንዘብ ያወጣል። አንዱ በጎማውና ከጎማው በላይ ባለው ቅስት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ዓይኑን ረብሾት ነው። ሌላው መታጠፊያ ላይ መኪናው ወደ ጎን ሲያዘነብል ደስ አላለውም። ሁለቱም የሚገዙት አንድ ካርቶን ነው፤ ውስጡ አራት ሞላ አለ፣ በተለመደው አኳኋን 30 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ያደርጋል ተብሎ የተጻፈበት።

ሦስት ሴንቲሜትር ማለት ነው። የአውራ ጣት ግማሽ ለማትሞላ ዝቅታ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጠሁት፣ በእሷ በኩል የመኪና ተሸካሚ አካል ሁሉ የሚያዝበትን ሕግ ማየት ስለሚቻል ነው። ሕጉም ይህ ነው፤ መኪናውን ዝቅ ያደረገ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የሞላውን ቀሪ እጥፋት ከፍሏል። ቀሪ እጥፋት የምለው፣ ሞላው የቆመውን መኪና ከተሸከመ በኋላ ለሚመጣበት ምት የተረፈውን ቦታ ነው።

ሞላው ምን ያህል ተጨምቋል

ለስሌታችን እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን ሁለተኛውን የኤክስ5 ትውልድ እንያዝ። ሹፌሩ ተቀምጦበት ክብደቱን 2,200 ኪሎ እናድርገው። ከዚህ ውስጥ ጎማው፣ ቸርኬው፣ ፍሬኑ ከሞላው በታች ስለሆኑ ሞላው አይሸከማቸውም። የቀረውን ለአራቱ ማዕዘን ስናካፍል በአንዱ የፊት ሞላ ላይ የሚያርፈው ወደ 500 ኪሎ ይጠጋል። ከዚህ በታች የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለአያያዝ እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸው፤ የሚለኩትም ጎማው ላይ ሆነን ሲታይ ነው፤ ምክንያቱም ሞላው ራሱ ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ክንዱ ላይ ተቀምጧል።

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ስለ ሞላ የደረሰበትን ነገር ሌላ እንዳይነጥቀው በጣም ፈርቶ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1676 ግኝቱን በአንድ የላቲን ዓረፍተ ነገር ጽፎ፣ ፊደሎቹን በፊደል ገበታው ተራ ደርድሮ፣ ማንም የማያነበው እንቆቅልሽ አድርጎ አሳተመው። ፍቺውን የሰጠው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1678 ነው። ያን ያህል የተደበቀው ነገር ዛሬ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ አይከብድም፤ ሞላ ላይ የጫንከውን እጥፍ ስታደርገው መጨመቁም እጥፍ ይሆናል።

የፊት ሞላችን አንድ ሴንቲሜትር ለመጨመቅ 25 ኪሎ የሚፈልግ ነው እንበል። ይህን ቁጥር የሞላው ግትርነት እንለዋለን። 500 ኪሎ ሲጫንበት ስንት ይጨመቃል? 500 ለ25 ሲካፈል 20 ሴንቲሜትር። መኪናው ቆሞ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሞላው ከተፈጥሮ ርዝመቱ 20 ሴንቲሜትር ወርዶ ነው የሚውለው። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚጨመቅበት ቦታ ይፈልጋል። ይህ ቦታ ማለቂያ አለው፤ መጨረሻው ላይ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የላስቲክ ማስቆሚያ ተቀምጦለታል። በእኛ መኪና ከቆመበት እስከ ማስቆሚያው 9 ሴንቲሜትር አለ እንበል። ቀሪ እጥፋቱ እሱ ነው።

ኩንታል የተሸከመ ሰው

መርካቶ ውስጥ ኩንታል ጤፍ በጀርባው ይዞ ከመኪና ወደ መጋዘን የሚመላለሰውን ተሸካሚ እንመልከት። ከአይሱዙ ወለል ወደ መሬት ሲወርድ እግሩን አድርቆ አይዘልም። ጉልበቱን ዘርጋ አድርጎ ይጀምራል፣ መሬት ሲነካ ቀስ እያለ ያጥፈዋል፤ መቶው ኪሎ ወገቡ ላይ የሚያርፈው ጉልበቱ ከዋጠለት በኋላ ነው። ያ ሰው ጣራው ዝቅ ያለ መጋዘን ውስጥ፣ ገና ከመጀመሪያው ጉልበቱን ግማሽ አጥፎ እንዲሄድ ቢገደድስ? መሄዱን ይሄዳል። ደረጃ ሲያጋጥመው ግን የሚያጥፈው ጉልበት አልቆበታል። ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ጡንቻውን ከወትሮው አብዝቶ አጥብቆ በቀረችው ትንሽ እጥፋት ምቱን ለመዋጥ ይሞክራል፤ ወይ እጥፋቱ ያልቅና ኩንታሉ ወገቡን ይመታዋል።

ዝቅ የተደረገ መኪና ይህ ሰው ነው። የሞላውን ግትርነት ሳንነካ ርዝመቱን ብቻ በ3 ሴንቲሜትር ብናሳጥረው መኪናው በትክክል 3 ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ በደልዳላ መንገድ ላይ ሹፌሩ ለውጡን አይሰማውም። ቀሪ እጥፋቱ ግን ከ9 ወደ 6 ወርዷል። ሲያዩት አንድ ሦስተኛ ብቻ የተቀነሰ ይመስላል። የተቀነሰው ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ይህን ስሌት ብዙ ሞላ ገዢ አይሠራውም።

ሞላ ምት የሚውጠው በሁለት ነገር ነው፤ በሚሄደው ርቀትና በመንገዱ ላይ በሚመልሰው ኃይል። ሁክ እንደነገረን ኃይሉ ራሱ ከርቀቱ ጋር ያድጋል። ስለዚህ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚዋጠው ምት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ርቀቱ ሲቀንስም እንዲሁ በካሬው ይቀንሳል። 9 በ9 ሲባዛ 81፣ 6 በ6 ሲባዛ 36 ነው። ሦስት ሴንቲሜትር ዝቅ ያለው ሞላ ማስቆሚያውን ሳይመታ ሊውጠው የሚችለው ምት ድሮ ይውጠው ከነበረው ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ያንኑ የድሮውን ምት በ6 ሴንቲሜትር ውስጥ ለመዋጥ ከፈለግንስ? 81 ለ36 ሲካፈል 2.25 ይመጣል። ሞላው ከሁለት እጥፍ በላይ መጠንከር አለበት ማለት ነው፤ በሴንቲሜትር 25 ሳይሆን 56 ኪሎ። ተሸካሚው ጡንቻውን ከእጥፍ በላይ አጥብቆ ደረጃውን መውረዱ ነው። እንዲህ ያለ ኤክስ5 ቤተሰብ ይዞ የሚኬድበት መኪና አይሆንም። ሞላ ሠሪውም ይህን ስለሚያውቅ እዚያ ድረስ አይሄድም፤ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ይደራደራል። አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ቢበዛ ሠላሳ ከመቶ ያጠነክረዋል፣ የቀረውን ለላስቲክ ማስቆሚያው ይተወዋል። አንዳንዱ ካርቶን ውስጥ አጠር ያለ ወይም ለስለስ ያለ ማስቆሚያ አብሮ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ስድስት አጥሮ ሦስት የሚያወርድ

ሃያ ከመቶ ብናጠነክረው በሴንቲሜትር 30 ኪሎ ይሆናል። 500 ለ30 ሲካፈል 16.7። አዲሱ ሞላ ያንኑ መኪና ተሸክሞ የሚጨመቀው ከድሮው 3.3 ሴንቲሜትር ያነሰ ነው። ስለዚህ መኪናውን 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ለማድረግ ሞላው መሬት ላይ ተኝቶ ሲለካ ከድሮው 6.3 ሴንቲሜትር ማጠር አለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ይደነግጣል፤ «ሦስት ብዬ አዝዤ ስድስት ላኩልኝ» ይላል። አልተሳሳቱም።

ግትርነት የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው፤ በዘንጉ ውፍረት፣ በጥቅሉ ስፋትና በሚሠሩት ዙሮች ብዛት። ከሦስቱ ኃይለኛው ውፍረቱ ነው። ዘንጉ አሥር ከመቶ ብቻ ቢወፍር ሞላው 46 ከመቶ ይጠነክራል፤ ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው ስሌቱ ውስጥ የሚገባው። ዙር ሲቀንስም ሞላው ይጠነክራል፤ ስድስት የነበረው አምስት ሲሆን ልክ ሃያ ከመቶ።

እዚህ ላይ ጠያቂ አንባቢ አንድ ነገር ሳይመጣበት አይቀርም። በየአገሩ ጋራዥ የሚታወቅ አቋራጭ አለ፤ የፋብሪካውን ሞላ አውጥቶ አንድ ዙር በግራይንደር መቁረጥ። ስሌቱን እንሥራው። ርዝመቱ 40 ሴንቲሜትር፣ ዙሩ ስድስት ከሆነ፣ አንዱ ሲቆረጥ 6.7 ሴንቲሜትር ያጥራል፤ ግትርነቱም ሃያ ከመቶ ይጨምራል። መኪናው 3.4 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል። በወረቀት ላይ የጀርመኑን ሞላ በግራይንደር ሠራነው! ቆራጩን መካኒክ ስሌት አላወቀም ብሎ መናቅ እንግዲህ አይቻልም። በእኔ ግምት የሚያዋጣው ግን አይደለም፤ ችግሩ ያለው ከስሌቱ ውጭ ነው።

የሞላ ጫፍ እንዲሁ የተቆረጠ ብረት አይደለም። ከመቀመጫው ጋር እንዲገጥም ሆን ተብሎ የተቀረጸ ነው፤ ሲቆረጥ የሾለ ጫፍ ይቀራል፣ ክብደቱም በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። ብረቱ ሲሊኮንና ክሮሚየም የተቀላቀለበት፣ በእሳትና በማቀዝቀዝ ተገርቶ የጠነከረ ነው፤ በግራይንደር ፈንታ በጋዝ እሳት የቆረጠው ሰው ያን ግራት ያጠፋዋል። ፊቱ ደግሞ በጥቃቅን የብረት ጥይት ተደብድቦ ከላዩ ቀለም ለብሷል፤ ድብደባው ስንጥቅ እንዳይጀምር፣ ቀለሙ ዝገት እንዳይገባ። የሞላ መሰበር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቀለሙ ከተላጠበት፣ ዝገቱ ትንሽ ጉድጓድ ከቆፈረበት ቦታ ነው። የተቆረጠ ጫፍ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አጥቷል።

ሌላም አለ። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ወይም መኪናው በክሪክ ሲነሳ ሞላው ይዘረጋል። በጣም ያጠረ ሞላ ሙሉ በሙሉ ይላቀቅና ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ፋብሪካዎቹ ለዚህ ያላቸው መልስ ዙሮቹን በእኩል ርቀት አለመጠቅለል ነው። በአንደኛው ጫፍ ያሉት ዙሮች ተጠጋግተው ይሠራሉ፤ ጎማው ሲወርድ እነዚህ ተዘርግተው ሞላውን በመቀመጫው ያቆዩታል። ጭነት ሲመጣ እነዚህ ቀድመው ይነካካሉ፣ ከዚያ በኋላ ሥራ ያቆማሉ፤ የቀሩት ዙሮች ጥቂት ስለሆኑ ሞላው ይጠነክራል። በመጀመሪያው መንገድ ለስላሳ፣ ወደ መጨረሻው ግትር የሆነ አንድ ሞላ ተገኘ። ይህ ብልሃት የካሬውን ሕግ አይሽረውም፤ ያለችውን 6 ሴንቲሜትር ግን በቁጠባ ያስጠቅማል።

መኪናው በሰከንድ ስንት ጊዜ ይወዛወዛል

የመኪናን ጥግ በእጅ ተጭነው ሲለቁት ይነሳል፣ ይወርዳል። ሾክ አብዞርበሩ ባይዘው ደጋግሞ ይወዛወዝ ነበር። በሰከንድ የሚወዛወዝበትን ጊዜ ብዛት ድግግሞሽ እንበለው። የመኪና ምቾት ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ቁጥር ይያዛል፤ ቁጥሩን ለማግኘት ደግሞ የሚያስፈልገን አንድ ልኬት ብቻ ነው። ሞላው በቆመው መኪና ስንት ሴንቲሜትር እንደተጨመቀ እናውቃለን። የዚያን ቁጥር ዳግም ዘር (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚመልሰውን) እናወጣለን፤ አምስትን ለእሱ እናካፍላለን። የመኪናው ክብደት የትም አልገባም። ቪትዝም ይሁን ኤክስ5፣ ሞላው 20 ሴንቲሜትር ከተጨመቀ በሰከንድ 1.1 ጊዜ ይወዛወዛል።

ለአዲሱ ሞላ ስንሠራው 16.7 ሴንቲሜትር 1.2 ይሰጠናል። ሃያ ከመቶ የጠነከረው ሞላ ድግግሞሹን ያሳደገው አሥር ከመቶ ያህል ነው፤ የሚሰማ ግን የሚቻል። ያ የካሬው ሕግ የጠየቀው ባለ 2.25 እጥፍ ሞላ ቢሆን ኖሮ 1.7 ላይ እንደርስ ነበር፤ የስፖርት መኪና ሰፈር ነው። የተለመደ የቤተሰብ መኪና ከ1 እስከ 1.5 ባለው ውስጥ ይኖራል። የሰው ሆድ ዕቃና አከርካሪ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያናውጠውን ነገር ከሁሉ አብዝተው የሚጠሉት በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ሲሆን ነው፤ መሐንዲሱ ከዚያ ሰፈር በተቻለው ሁሉ ይርቃል።

ይህን ጉዳይ ከስሜት አውጥቶ ልኬት ያደረገው ሞሪስ ኦሊ ነው። ከሮልስ ሮይስ ወጥቶ ዲትሮይት ካዲላክ የገባው ይህ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1932 ከፊትና ከኋላው ከባድ ክብደት የሚንቀሳቀስበት የሙከራ መኪና ሠርቶ ነበር። ክብደቱን እያዛወረ፣ ሞላውን እየለወጠ፣ መኪናውን እየነዳ የደረሰበት ነገር በጊዜው ከነበረው ልማድ ተቃራኒ ነው። ያኔ የፊት ሞላ ግትር፣ የኋላው ለስላሳ ይደረግ ነበር። ኦሊ መገልበጥ አለበት አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጉብታውን ቀድሞ የሚያገኘው የፊት ጎማ ነው። የኋላው ዘግይቶ መወዛወዝ ይጀምራል። የኋላው ድግግሞሽ ትንሽ ፈጠን ካለ የፊቱን ይደርስበትና መኪናው እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ ይነሳል፣ ይወርዳል። የፊቱ ከፈጠነ ግን አፍንጫውና ጅራቱ ተራ በተራ ይሰግዳሉ፤ የተሳፋሪው አንገትም አብሮ ይሰግዳል።

ስለዚህ ከአራቱ ሞላ ሁለቱን ብቻ፣ ያውም የፊቱን ብቻ መቀየር ኦሊ ያስተካከለውን ማፍረስ ነው። ለዓይን ያምራል፤ ብዙ ኤስዩቪ ከፋብሪካ ሲወጣ አፍንጫው ከፍ ያለ ስለሚመስል ሰው የፊቱን ብቻ ማውረድ ይፈልጋል። ከመቶ ኪሎሜትር ጉዞ በኋላ ግን ሚስቱም ልጆቹም ይነግሩታል።

መታጠፊያው ላይ ምን ተገኘ

እስካሁን የከፈልነውን ቆጠርን። ያገኘነውስ? የተለመደው መልስ «የስበት ማዕከሉ ወረደ» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ስንት?

በምዕራፍ 5 ፍሬን ሲያዝ ክብደት ከኋላ ወደ ፊት እንዴት እንደሚሸጋገር ያሰላንበትን ስሌት አንባቢ ያስታውሳል። ወደ ጎንም እንዲሁ ይሠራል። መኪናችን መታጠፊያ ላይ በክብደቱ ግማሽ ያህል ኃይል ወደ ጎን ይገፋ፤ 1,100 ኪሎ። የስበት ማዕከሉ ከመሬት 70 ሴንቲሜትር፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት 165 ሴንቲሜትር ይሁን። 1,100 በ70 ተባዝቶ ለ165 ሲካፈል 467 ኪሎ ይመጣል፤ ከውስጠኞቹ ጎማዎች ተነስቶ ውጭኞቹ ላይ የሚሄደው ክብደት ነው። ማዕከሉ ወደ 67 ሲወርድ 447 ይሆናል። ልዩነቱ 20 ኪሎ ነው። አንድ ተማሪ ከነቦርሳው አይሆንም።

ታዲያ ሹፌሮች መኪናው ተለወጠ የሚሉት ውሸት ነው? አይደለም። የተለወጠው በአብዛኛው ከግትርነቱ የመጣ ነው። ውጭኛው ሞላ ሃያ ከመቶ ስለጠነከረ በተጫነበት ክብደት ያነሰ ይወርዳል፣ ቦዲው ያነሰ ያዘነብላል፣ መሪው ሲዞር መኪናው ቶሎ ይመልሳል። ሰውየው ቁመት ቀነስኩ ብሎ የተደሰተበት ነገር በአመዛኙ የግትርነት ደስታ ነው። እንዲያውም ቁመቱ ብቻ ቢቀነስ ኖሮ ሊበላሽ የሚችል ነገር አለ። ቦዲው ሲያዘነብል የሚዞርበት፣ በዓይን የማይታይ ነጥብ አለ፤ ቦታው በተሸካሚ ክንዶቹ አቅጣጫ ይወሰናል። መኪናው ሲወርድ ክንዶቹ ይጋደማሉ፣ ነጥቡም ይወርዳል፤ በብዙ መኪና ላይ ከስበት ማዕከሉ ፈጥኖ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ቦዲውን የሚያዘነብለው ጉልበት ያድጋል። ሞላው ካልጠነከረ ዝቅ ያለው መኪና ከድሮው የባሰ ሊያዘነብል ይችላል።

ከሞላው ጋር የሚከተሉት

ሾክ አብዞርበር የሚቀጥለው ምዕራፍ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ በአጭሩ ልለፈው። የጠነከረን ሞላ ውዝዋዜ ለመያዝ የድሮው ሾክ ትንሽ ያንሰዋል፤ ለ3 ሴንቲሜትር ገና በጥሩ ሁኔታ ያለ ሾክ ይበቃል፣ ያረጀው ግን ድክመቱ የሚጋለጠው ያኔ ነው። ክንዶቹ በመጋደማቸው ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ አቅጣጫቸውም ይዛባል። አላይመንት ሳይሠራ የተነዳ መኪና የጎማውን የውስጥ ጠርዝ በልቶ ይጨርሳል፤ ከውጭ ሲታይ ጎማው አዲስ ስለሚመስል ባለቤቱ የሚያውቀው ሽቦው ሲወጣ ነው። የፊት መብራቱን ከፍታ ራሱ የሚያስተካክል መኪና ቁመቱን የሚለካው ክንዱ ላይ በታሰረ መለኪያ ስለሆነ እንደገና መነገር አለበት። በክንዶቹ ማያያዣ ያሉት ጎሚኒዎች ብሎናቸው መጥበቅ ያለበት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ የተጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀርና ቀድሞ ይቀደዳል።

ጀርመን ውስጥ ይህ ሁሉ ለባለቤቱ ሕሊና አይተውም። ሞላው ከማረጋገጫ ወረቀት ጋር ይሸጣል፤ ከተገጠመ በኋላ ቲዩቭን ወይም ዴክራን የመሰለ መርማሪ አይቶት፣ አስፈላጊ ሲሆን በመኪናው ሰነድ ላይ ይመዘገባል። ያልተመረመረ ለውጥ የመኪናውን የመንገድ ፈቃድ ሊያሳጣ ይችላል። መርማሪው አንዱን ጎማ ከፍ ባለ ነገር ላይ አውጥቶ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሮ፣ ጎማው የትም እንዳይነካ ያያል። በሌላ አነጋገር ቀሪ እጥፋቱን ይለካል።

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሰው የሚመኘው በአብዛኛው ተቃራኒውን ነው፤ ብሬከሩና ጉድጓዱ ከታች እንዳይነካው መኪናውን ከፍ ማድረግ። ስሌቱ እዚያም ይሠራል፣ ወደ ኋላ ይነበባል። ከፍ የተደረገ መኪና ወደ ላይ የሚጨመቅበት ቦታ አተረፈ፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድበትን ግን ከፍሏል፣ የስበት ማዕከሉንም አንስቷል።

ሞላው አየር ሲሆን

ብዙ የቅንጦት ኤስዩቪ የብረት ሞላ የለውም። ሬንጅ ሮቨር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ አየር የተሞላ የላስቲክ ከረጢት በሞላ ፈንታ አስገብቷል። የያዝነው ኤክስ5 ደግሞ ድብልቅ ሆኖ ይገኛል፤ ሦስተኛ ረድፍ ወንበር ያለው ከፊት ብረት፣ ከኋላ አየር ነው። ለእንዲህ ያለው መኪና አራት ሞላ ያዘዘ ሰው ሁለቱ ይተርፉታል። የኋላው የሚወርደው ቁመቱን የሚለካው ዘንግ ርዝመት ተለውጦ ወይም ኮምፒውተሩ አዲስ ቁጥር ተሰጥቶት ነው።

አየሩ ውስጥ የሚሆነው ነገር ደስ ይላል። መኪናው ሲወርድ አየር ከከረጢቱ ይወጣል፤ የተሸከመው ክብደት ስላልተለወጠ ግፊቱ ያው ነው፣ የቀነሰው የአየሩ መጠን ነው። ትንሽ መጠን ያለው አየር አንድ ሴንቲሜትር ሲጨመቅ ግፊቱ ከትልቁ አብልጦ ይጨምራል። ዝቅ ያለ አየር ሞላ ማንም መሐንዲስ ሳያሰላለት በራሱ ይጠነክራል ማለት ነው። በፊነንትሮፕና በሌነሽታት ዘንግ አወፍረው፣ ዙር ቀንሰው የሚያገኙትን ጋዙ በነጻ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከፊት አዲስ የብረት ሞላ ገብቶለት ከኋላ አየሩ የተቀነሰለት ኤክስ5 ኦሊ የፈለገውን ልዩነት ሙሉ በሙሉ አያጣም።

ወደ ጋራዥ ከመሄድ በፊት የሚደረግ አንድ ነገር አለ። መኪናውን ደልዳላ ወለል ላይ አቁሞ፣ ነዳጁን ሞልቶ፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ቅስቱ ጠርዝ ያለውን ርቀት አራቱም ጎማ ላይ ለክቶ መጻፍ። ከመሬት እስከ ቅስቱ የሚለካ ሰው፣ በምዕራፍ 4 እንዳየነው፣ የጎማውን አየር ጨምሮ ነው የሚለካው፤ ጎማው ሲላላ መኪናው ዝቅ ያለ ይመስለዋል። አሮጌው ሞላ አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ የድሮውን ቁመት የሚነግረው የለም።